«ፈቃደኛ አልሆኑም»፦ ከዳሌ ስብራት በኋላ የደም ማነስና የመንቀሳቀስ አቅም በአንዲት የ78 ዓመት ታካሚ

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሦስተኛው ቀን በታካሚዋ መዝገብ ላይ «ለፊዚዮቴራፒ ፈቃደኛ አልሆኑም» የሚል አንድ መስመር ሰፍሯል። በማግስቱ ጧትም ያው ቃል በሌላ እጅ ጽሑፍ ተደግሟል። ሁለቱንም መስመሮች በጧት ጉብኝት ወቅት አንብቤ አልፌአቸዋለሁ፤ ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያደረገኝም ያ ማለፌ ነው። ታካሚዋ በእነዚያ ቀናት ያልተነሡት ደማቸው ቆመው ለመራመድ የሚበቃ ኦክስጅን መሸከም ስላልቻለ ነበር። ይህንን የሚናገሩት ምልክቶች ከሞላ ጎደል በሙሉ በዚያው መዝገብ ውስጥ ነበሩ፤ ነገር ግን አንዱ በላቦራቶሪ ገጽ፣ አንዱ በነርሶች ማስታወሻ፣ አንዱ በፊዚዮቴራፒ ቅጽ ላይ ተበታትነው ስለነበር አንድ ላይ ያነበባቸው ሰው አልነበረም። የታካሚዋን ማንነት ሊያሳውቁ የሚችሉ ዝርዝሮች በሙሉ ከዚህ ጽሑፍ ወጥተዋል።

ታካሚዋና አደጋው

እኚህ እናት 78 ዓመታቸው፣ ክብደታቸውም 54 ኪሎግራም ነው። ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ ሚዛናቸውን ስተው በቀኝ ጎናቸው ወደቁ፤ እስኪነጋም ወለሉ ላይ ቆዩ። ራጁ ያሳየው የጭን አጥንት የላይኛው ክፍል ስብራት ሲሆን፣ ዓይነቱ ኢንተርትሮካንተሪክ የሚባለው፣ ከመገጣጠሚያው ከረጢት ውጭ የሚገኘው ነው። ስብራቱ ያለበት ቦታ ለዚህ ጉዳይ ትልቅ ትርጉም አለው። በከረጢቱ ውስጥ የሚሰበር የአጥንት አንገት የሚደማው በተከለለ ጠባብ ቦታ ነው፤ ከከረጢቱ ውጭ ያለው ስብራት ግን የሚከለክለው ነገር ስለሌለ በጭኑ ጡንቻዎች መካከል እየሰረገ ይደማል፤ ጭንም ከውጭ ሲታይ እምብዛም ያበጠ ሳይመስል ከአንድ ሊትር በላይ ደም ሊይዝ ይችላል።

ከመውደቃቸው በፊት ቤት ውስጥ ያለ ድጋፍ ይራመዱ፣ የቤታቸውን ሥራ በራሳቸው ይሠሩ፣ ምርኩዝ የሚይዙትም ከቤት ሲወጡ ብቻ ነበር። ለስኳር ሕመም ሜትፎርሚን ዘጠኝ ዓመት ወስደዋል። የታወቀ የልብ ሕመም ሳይኖርባቸው በየቀኑ አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን ይወስዱ ነበር። በመድኃኒት ዝርዝራቸው ላይ ያልሰፈረ ሌላም ነበረ፤ ለጉልበት ሕመማቸው ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ማለት ይቻላል የሚወስዱት ዳይክሎፌናክ፣ ጨጓራን ሊያቆስል የሚችል የሕመም ማስታገሻ። ይህንን የነገረችን ልጃቸው ናት። ባለፉት ስድስትና ሰባት ወራት ደረጃ ሲወጡ አጋማሹ ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን መሰብሰብ እንደጀመሩ፣ ቤተሰቡም «እርጅና ነው» ብሎ እንደተቀበለው የገለጸችልንም እሷው ናት። ሁለቱንም የሰማነው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአራተኛው ቀን ስንጠይቃት ነው፤ በገቡበት ቀን የጠየቃት አልነበረም።

ሲገቡ የተለካው ሄሞግሎቢን (በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) 11.4 ግራም በዴሲሊትር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1968 ጀምሮ በሚሠራበት መለኪያ ለሴቶች ከ12፣ ለወንዶች ከ13 በታች የሆነ ሄሞግሎቢን የደም ማነስ ይባላል። በዚህ መሠረት የታካሚዋ ውጤት «ቀላል» ከሚባለው ክፍል ገባ፤ ማንንም አላስደነገጠም። እኔ ግን ዛሬ ያንን ቁጥር ሳየው ሁለት ነገር ሸፍኖብን እንደነበር እረዳለሁ። የመጀመሪያው፣ ሰው ሲደማ የሚያጣው ሴሉንም ፈሳሹንም በአንድነት ስለሆነ፣ የጎደለው ደም በፈሳሽ እስኪተካ ድረስ በእያንዳንዱ ዴሲሊትር ውስጥ ያለው የሄሞግሎቢን መጠን ብዙም አይወርድም። ሁለተኛው፣ ወለል ላይ ለሰዓታት ውኃ ሳይጠጡ የቆዩ አረጋዊት ደማቸው ከፈሳሽ እጥረት የተነሣ ይወፍራል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከእውነተኛው ሁኔታ ከፍ ብሎ ይታያል። በተሰበሩበት ዕለት 11.4 መሆን በተሰበሩ በሦስተኛው ቀን 11.4 ከመሆን ጋር አንድ አይደለም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያሉት አራት ቀናት

በገቡ በ40ኛው ሰዓት ገደማ በአጥንቱ ቦይ ውስጥ ረጅም የብረት ዘንግ በማስገባት ስብራቱ ተጠግኗል። ቀዶ ሕክምናው ያለ ችግር ተጠናቅቋል፤ በሪፖርቱ ላይ የፈሰሰው ደም 200 ሚሊሊትር ያህል ተብሎ ተገምቷል። ይህ ግምት በዓይን የታየውን ብቻ የሚናገር ነው። ከዴንማርክ በ2006 የወጣ ጥናት በዳሌ ስብራት የሚጠፋውን አጠቃላይ ደም ከሄሞግሎቢን ለውጥ አስልቶ ሲያሳይ፣ መጠኑ እንደ ቀዶ ሕክምናው ዓይነት ከ500 ሚሊሊትር ገደማ እስከ 1500 ሚሊሊትር አካባቢ ይደርሳል፤ ከፍተኛው መጠን የታየውም ለእኚህ እናት በተደረገው፣ ዘንግ በሚገባበት ቀዶ ሕክምና ነው። በቀዶ ሕክምና ክፍል የሚታየው ደም ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው። የቀረው በጭኑ ውስጥ፣ አንዳንዴም በሌላ ስፍራ፣ ከዓይን ተሰውሮ ይፈስሳል።

በቀዶ ሕክምናው ዕለት ጧት ሄሞግሎቢናቸው 10.1፣ በማግስቱ 8.8 ነበር። ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀናት አልተለካም። ለምን እንዳልተለካ መዝገቡ አይናገርም፤ እኔ የማስታውሰው 8.8 ለደም መስጠት ከምንጠቀምበት ከ8 ወሰን በላይ ስለነበር ጉዳዩ ያለቀ መስሎን እንደነበር ነው።

የመንቀሳቀስ አቅማቸው ግን በየቀኑ ይመዘገብ ነበር። ክፍሉ የሚጠቀምበት መለኪያ ሦስት ድርጊቶችን ይመለከታል፤ ከአልጋ መውረድና መመለስ፣ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ በቤት ውስጥ መራመድ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይሰጠዋል፤ ያለ ሰው እርዳታ ለሚደረግ 2፣ በሰው እርዳታ ለሚደረግ 1፣ ለማይቻል 0፤ የቀኑ ድምር እንግዲህ ከ0 እስከ 6 ነው። ታካሚዋ በመጀመሪያው ቀን በሁለት ሰው ድጋፍ ከአልጋ ወርደው ለአንድ ደቂቃ ያህል ቆሙ፤ ነጥባቸው 2 ሆነ። በሁለተኛው ቀን ዎከር (ባለአራት እግር የመራመጃ ድጋፍ) ይዘው አራት እርምጃ ሄደው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ነጥባቸው 3 ሆነ። ያን ዕለት ፊዚዮቴራፒስቷ «ከተቀመጡ በኋላ ግንባራቸው በላብ ተጠመቀ፤ ‹ጭው አለብኝ› አሉ» ብላ ጽፋለች። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ጧት ነጥባቸው 0 ነው፤ መስመሩም «ፈቃደኛ አልሆኑም» የሚለው ነው።

ከዳሌ ስብራት በኋላ ነጥብ ከ3 ወደ 0 መውረዱ ብቻውን ሊያስቆመን ይገባ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሰው በሁለተኛው ቀን የቻለውን በሦስተኛው ቀን ካልቻለ በመካከል የሆነ ነገር አለ። ሕመም ሊሆን ይችላል፣ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ በአረጋውያን ላይ ዝም በማሰኘት የሚገለጥ የአእምሮ ግርታ ሊሆን ይችላል፣ የመውደቅ ፍርሃት ሊሆን ይችላል፤ ደምም ሊሆን ይችላል። «ፈቃደኛ አልሆኑም» የሚለው ቃል ግን ይህን ሁሉ ጥያቄ ከመነሣቱ በፊት ይዘጋዋል፤ ምክንያቱን በታካሚዋ ጠባይ ውስጥ አስቀምጦ ይሄዳል።

በዚያው ሦስተኛ ቀን ማታ ተረኛዋ ነርስ «ሰገራቸው ጠቁሯል፤ የብረት ክኒን ስለሚወስዱ ነው» ብላ መዝግባለች። ማስታወሻው ትክክለኛ ዕውቀት ነበረበት፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በተለመደው አሠራር የብረት ክኒን ታዝዞላቸው ነበር፤ ክኒኑም ሰገራን ያጠቁራል። ችግሩ ከጨጓራ የሚወርድ ደምም ሰገራን የሚያጠቁር መሆኑ ነው። የብረቱ ጥቁረት ወደ አረንጓዴ የሚያደላና የተለመደ ጠረን ያለው ሲሆን፣ የደሙ ግን እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና ለየት ያለ መጥፎ ሽታ ያለው ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ሰገራውን ማየት ብቻ ይበቃ ነበር። በአጥንት ክፍል ለሁሉም የብረት ክኒን የማዘዝ ልማድ ከሚያስከትላቸው ጉዳቶች አንዱ ይህ ነው፤ ጥቅሙ አጠራጣሪ የሆነ መድኃኒት ዋነኛ የአደጋ ምልክትን ይሸፍናል።

ቆመው ሲለኩ

ነገሩን የለወጠችው ፊዚዮቴራፒስቷ ናት። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መጥታ ተራመዱ ሳትላቸው አጠገባቸው ተቀምጣ «እማማ፣ ሲነሡ ምን ይሰማዎታል?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ልጄ፣ እግሬ አይደለም እምቢ ያለኝ፤ ልቤ ይመታል፣ ዓይኔ ይጨልማል፤ ስወድቅም እንደዚሁ ነበር» አሏት። ይህ መልስ ሁለት ነገር ይዟል፤ የአሁኑን ምልክትና ያን ሌሊት የወደቁበትን ምክንያት። ቀድሞ የጠየቃቸው ስላልነበረ ቀድሞ አልተናገሩትም።

ከዚያም የደም ግፊታቸውና የልብ ምታቸው ተኝተው፣ ተቀምጠውና ቆመው ተለካ። ተኝተው 132 በ74፣ የልብ ምት 94። በአልጋው ጠርዝ ተቀምጠው 118 በ70፣ የልብ ምት 108። በሁለት ሰው ተደግፈው ለአንድ ደቂቃ ከቆሙ በኋላ 98 በ60፣ የልብ ምት 126፤ ወዲያውም መልሰን አስቀመጥናቸው። በቆሙ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው የደም ግፊት በ20 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ሲቆሙ የሚከሰት የግፊት መውደቅ ይባላል፤ የእሳቸው በ34 ወርዷል። ከግፊቱ እኩል መታየት ያለበት የልብ ምቱ ነው። ለረጅም ዘመን የቆየ የስኳር ሕመም ነርቮችን ጎድቶ ግፊትን ሲያወርድ፣ የልብ ምት ብዙውን ጊዜ እምብዛም አይጨምርም። እዚህ ግን በ32 ጨምሯል፤ ይህም በደም ሥር ውስጥ ያለው ደም ወይም ፈሳሽ አንሶ ልብ በፍጥነት ሊያካክስ እንደሚሞክር የሚያሳይ ነው። በዚያው ሰዓት የተወሰደው ሄሞግሎቢን 7.6 ሆኖ መጣ።

አንድ ግራም ሄሞግሎቢን ሙሉ በሙሉ ሲሞላ 1.34 ሚሊሊትር ገደማ ኦክስጅን ይሸከማል። ሲገቡ እያንዳንዱ ዴሲሊትር ደማቸው እስከ 15.3 ሚሊሊትር መሸከም ይችል ነበር፤ በአራተኛው ቀን ግን እስከ 10.2 ብቻ፤ ከአቅሙ ሲሶው ጠፍቷል። ወጣት ሰው ይህንን ጉድለት ልቡ በብዛት በመርጨት ይሸፍነዋል። በ78 ዓመት ልብ በዚያ መጠን ማፍጠንና ማስፋት አይችልም፤ በዚያ ላይ በአንድ እግር ተደግፎ በዎከር መራመድ ከተለመደው መራመድ በእጅጉ የበለጠ ጉልበት ይፈጃል። አልጋ ላይ ተኝተው ሲታዩ ረጋ ብለው የሚያወሩ፣ ምንም ያልጎደላቸው የሚመስሉት ለዚህ ነው፤ ተኝቶ ለመኖር የሚያስፈልገው ኦክስጅን ነበራቸው፤ ለመቆም የሚያስፈልገው ግን አልነበራቸውም። የጧት ጉብኝታችን ታካሚን የሚያየው ተኝቶ ነው።

የደም ማነሱ ምንጮች

ያን ዕለት ማታ ከልጃቸው ጋር በተደረገው ውይይት ዳይክሎፌናኩ ታወቀ፤ ሰገራውም ተመርምሮ ደም እንዳለበት ተረጋገጠ። በስድስተኛው ቀን በተደረገው ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ የሚደረግ ምርመራ) በጨጓራቸው የታችኛው ክፍል በዚያን ሰዓት የማይደማ፣ መደቡ የጠራ ቁስለት ተገኘ፤ የተወሰደው ናሙናም ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለውን ባክቴሪያ አሳየ። ዳይክሎፌናክ፣ አስፕሪን፣ ባክቴሪያው፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ሄፓሪን፤ እያንዳንዳቸው ድርሻ አላቸው። ቁስለቱ ለወራት በትንሽ በትንሹ ሲደማ ቆይቶ ሄፓሪኑ ሲጨመር ደሙ ሳይበዛ አልቀረም።

የደም ምርመራው ሌሎች ንብርብሮችን ገለጠ። የተከማቸ ብረትን የሚያመለክተው ፌሪቲን 71 ማይክሮግራም በሊትር፣ የትራንስፈሪን (በደም ውስጥ ብረት የሚያጓጉዘው ፕሮቲን) ሙሌት 8 በመቶ፣ የእብጠት መለኪያ የሆነው ሲአርፒ 96፣ ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ 168 ፒኮግራም በሚሊሊትር። ፌሪቲኑ በመደበኛው ወሰን ውስጥ ስለሆነ «ብረት አለ» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን ፌሪቲን ሰውነት ሲቆጣ የሚጨምር ፕሮቲን ነው፤ የተሰበረ አጥንትና ቀዶ ሕክምና ባለበት ሰው ላይ እስከ 100 ድረስ፣ ሙሌቱም ከ20 በመቶ በታች ከሆነ፣ የብረት እጥረት አለ ብሎ መያዝ ይገባል። ዘጠኝ ዓመት የተወሰደው ሜትፎርሚን የቢ12ን መመጠጥ እንደሚቀንስ የታወቀ ነው።

ሲገቡ የቀይ ሴሎቻቸው አማካይ መጠን 84 ፌምቶሊትር፣ ማለትም ፍጹም መደበኛ ነበር። የብረት እጥረት ሴልን ያሳንሳል፤ የቢ12 እጥረት ደግሞ ያሳድጋል፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ አማካዩ መካከል ላይ ይቆምና ሁሉም ደኅና ይመስላል። የሚያጋልጣቸው የሴሎቹ መጠን ስርጭት ነው፤ የእሳቸው ስርጭት 18 በመቶ ነበር፤ ከመደበኛው በግልጽ የሰፋ። ይህ ቁጥር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በላቦራቶሪው ወረቀት ላይ ታትሞ ነበር። በዚህ ላይ በ49 ሚሊሊትር በደቂቃ የተገመተው የኩላሊት ማጣሪያ አቅማቸው የኤሪትሮፖየቲን (ቀይ ሴሎች እንዲመረቱ የሚያዝዘው የኩላሊት ሆርሞን) ምርታቸውም የተሟላ እንዳልሆነ ይጠቁማል።

በአሜሪካ በ2004 የወጣና ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ የሕዝብ ጥናት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰዎች መካከል ከአሥር አንዱ ያህል የደም ማነስ እንዳለበት አሳይቷል፤ ከእነዚህም ሲሶው ገደማ በንጥረ ነገር እጥረት፣ ሲሶው ገደማ በቆየ ሕመም ወይም በኩላሊት ድክመት፣ ቀሪው ሲሶ ያልታወቀ ምክንያት ያለው ነው። ክፍፍሉ ለሕዝብ ጠቃሚ ነው፤ በአንድ አልጋ ላይ ባለ ሰው ግን ክፍሎቹ ይደራረባሉ። እኚህ እናት አዲስ መድማት፣ አሮጌ መድማት፣ የብረት እጥረት፣ የቢ12 እጥረት፣ የእብጠትና የኩላሊት ጫና በአንድነት ነበረባቸው። አንዱን አግኝተን ፍለጋውን ብናቆም ኖሮ ሌሎቹ ከእሳቸው ጋር ወደ ቤት ይሄዱ ነበር።

ደም መስጠትና ከዚያ ያለፈው

በአራተኛው ቀን ማታ አንድ ዩኒት ደም በሦስት ሰዓት ተኩል ተሰጣቸው። በዝግታ የተሰጠው አረጋውያን በፍጥነት የሚገባ ደም ሳንባቸውን በፈሳሽ ሊያጥለቀልቅ ስለሚችል ነው። በማግስቱ ሄሞግሎቢናቸው 8.5 ሆነ። ሁለተኛ ዩኒት ይሰጥ ወይስ ይቅር የሚለው ጥያቄ በቡድናችን ውስጥ ክርክር አስነሣ፤ አንደኛው ወገን «ከ10 በላይ ካልሆነ አይራመዱም» የሚል ነበር።

በዚህ ጥያቄ ላይ ያለን ጠንካራ ማስረጃ በ2011 በአሜሪካና በካናዳ ተሠርቶ የታተመው ፎከስ የተባለው ጥናት ነው። 2016 ታካሚዎች ተሳትፈዋል፤ ሁሉም ከዳሌ ስብራት ቀዶ ሕክምና በኋላ የሆኑ፣ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ፣ የልብና የደም ሥር ሕመም ወይም ለዚያ የሚያጋልጥ ሁኔታ ያለባቸው ነበሩ። አንዱ ቡድን ሄሞግሎቢኑ ከ10 በታች ሲወርድ፣ ሌላው ከ8 በታች ሲወርድ ወይም ምልክት ሲታይበት ደም ተሰጠው። በ60ኛው ቀን የሞቱት ወይም ያለ ሰው እርዳታ አንድ ክፍል አቋርጠው መራመድ ያልቻሉት በአንደኛው 35.2 በመቶ፣ በሁለተኛው 34.7 በመቶ ነበሩ። ልዩነት የለም ማለት ነው። ከዚያ ቀደም በ2008 ከዴንማርክ የወጣ ሌላ ጥናት ግን ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የደም ማነስ ያለባቸው ታካሚዎች ራሳቸውን ችለው የመራመድ ዕድላቸው ዝቅተኛ መሆኑን አሳይቷል።

ሁለቱ የሚጋጩ ይመስላሉ፤ በእኔ አስተያየት ግን አይጋጩም። የደም ማነስ ከመራመድ ጋር የተያያዘ ነው፤ ቁጥሩን በከረጢት ደም ብቻ ከፍ ማድረግ ግን መራመድን አይመልስም፤ ምክንያቱም ከቁጥሩ በስተጀርባ ሌሎች የሚያደክሙ ነገሮች አሉ። ከፎከስ ጥናት ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ የሁለተኛው ቡድን ደንብ «ወይም ምልክት ሲታይበት» የሚለውን መጨመሩ ነው። እኛ 8ን እንደ በር ይዘን ምልክቱን ትተን ነበር። በአምስተኛው ቀን ጧት ታካሚዋ ሲቆሙ ግፊታቸው 114፣ የልብ ምታቸው 110 ነበር፤ ማዞሩም አልነበረም። ስለዚህ ሁለተኛ ዩኒት አልሰጠንም፤ በየጧቱ ቆመው እንዲለኩና ምልክቱ ከተመለሰ ውሳኔያችንን እንደገና እንድናይ ተስማማን። አልተመለሰም።

የብረት ክኒኑ ቆመ። የተሰበረ አጥንት ያለበት ሰውነት በሚያመነጨው ኢንተርሊውኪን-6 በተባለ የእብጠት መልእክተኛ ፕሮቲን ምክንያት ጉበት ሄፕሲዲን የሚባለውን ሆርሞን በብዛት ያወጣል፤ ሄፕሲዲንም ብረት ከአንጀት ወደ ደም፣ ከመጋዘኑም ወደ መቅኔ የሚወጣበትን በር ይዘጋል። ስለዚህ ብረቱ ይዋጣል እንጂ አይደርስም። በ2010 በእንግሊዝ 300 ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ከዳሌ ስብራት በኋላ በክኒን የሚሰጥ ብረት በሄሞግሎቢን ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ እንዳላመጣ አሳይቷል። ለታካሚዋ በደም ሥር 500 ሚሊግራም ብረት በሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ተሰጣቸው። ቢ12 በመርፌ ተጀመረ። አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ ሙሉ በሙሉ ቆሙ፤ ለጉልበታቸው ፓራሴታሞል ተተካ። ለባክቴሪያው ሕክምና ተሰጠ፤ የጨጓራ አሲድ መቀነሻውም ለስምንት ሳምንታት ብቻ እንዲወሰድ ቀኑ ተጽፎ ታዘዘ፤ ይህ መድኃኒት ሲረዝም እርሱም የቢ12ንና የብረትን መመጠጥ ስለሚቀንስ ነው። ሄፓሪኑ በአራተኛው ቀን ማታ ተቋርጦ ኢንዶስኮፒው የማይደማ ቁስለት ካሳየ በኋላ በማግስቱ ቀጠለ፤ የእግር ደም ሥር መርጋት አደጋ በዚያን ጊዜ ከቁስለቱ ይበልጥ ነበርና።

የእንቅስቃሴው ዕቅድ

እንቅስቃሴው ደሙ እስኪስተካከል አልጠበቀም። በ2007 በታተመ ጥናት ጤነኛ አረጋውያን ለ10 ቀናት አልጋ ላይ ብቻ ሲቆዩ ከእግሮቻቸው ወደ 1 ኪሎግራም የሚጠጋ ሥጋ አጥተዋል። የደም ማነስን ለማዳን ሳምንታት ያስፈልጋሉ፤ ያን ያህል የጠበቀ ሰው ደሙ ሲመለስለት የሚያቆመው እግር አያገኝም።

ስለዚህ የተለወጠው አሠራሩ ነው። ቀድሞ በቀን አንድ ጊዜ ለግማሽ ሰዓት የነበረው ልምምድ በቀን አምስት ጊዜ ለአምስትና ለስድስት ደቂቃ ሆነ። ከመቆማቸው በፊት በአልጋው ጠርዝ ሦስት ደቂቃ ይቀመጣሉ፤ ቁርጭምጭሚታቸውን ደጋግመው ያንቀሳቅሳሉ። የሕመም ማስታገሻው ከልምምዱ 45 ደቂቃ በፊት ይሰጣል። የልብ ምታቸው ካረፉበት በ30 ከበለጠ ወይም ማዞር ከተሰማቸው ይቀመጣሉ፤ ይህም በቅጹ ላይ እንደ ውድቀት ሳይሆን እንደ መለኪያ ይመዘገባል። በቀኑ መጨረሻ ላይ ያለው ልምምድ በነርሶች እጅ ሆነ፤ ወደ መጸዳጃ ቤት መሄድ ራሱ አንድ ልምምድ ሆኖ ተቆጠረ።

በአምስተኛው ቀን በአንድ ሰው ድጋፍ አምስት ሜትር ሄዱ፤ ነጥባቸው ወደ 3 ተመለሰ። በስምንተኛው ቀን ወደኋላ ተመለሱ፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይዟቸው ትኩሳት ነበራቸውና ለሁለት ቀን ከወንበር አልፈው አልሄዱም። በዚህ ጊዜ ግን በመዝገቡ ላይ የተጻፈው «ከወንበር አልተነሡም፤ ሙቀት 38.4፣ የልብ ምት ተቀምጠው 112» የሚል ስለነበር ምክንያቱ በዚያው ቀን ተፈልጎ ተገኘ። በ14ኛው ቀን ሄሞግሎቢናቸው 9.6 ደረሰ፤ በአራተኛው ቀን 0.8 በመቶ የነበረው የአዳዲስ ቀይ ሴሎች ድርሻም 4.2 በመቶ ሆነ፤ መቅኔው ሥራ ጀምሯል። በ16ኛው ቀን ነጥባቸው በዎከር 6 ሆነ፤ በ17ኛው ቀን ወጡ።

መሻሻላቸውን ከየትኛው ጋር ላያይዘው እንደምችል ብዙ አስቤበታለሁ። በአምስተኛው ቀን የታየው ለውጥ ፈጣን ስለነበር የአንዱ ዩኒት ደም ድርሻ ይመስለኛል፤ በዚያው ቀን ግን የማስታገሻው ሰዓት ተስተካክሏል፣ ልምምዱ አጥሯል፣ ታካሚዋም መውደቃቸው የራሳቸው ጥፋት አለመሆኑን ሰምተዋል። ከመጨረሻው ነገር ጋር በተያያዘ ፊዚዮቴራፒስቷ ፍርሃታቸው ከዚያ ቀን በኋላ እንደቀነሰ አጥብቃ ትናገራለች። ከአንድ ታካሚ ድርሻቸውን መለየት አይቻልም፤ እኔም አልሞክረውም። እርግጠኛ የምሆንበት ግን ከ8.8 እስከ 7.6 በነበሩት ሦስት ቀናት መካከል ማንም ቆመው ቢለካቸው ኖሮ ሁለት የጡንቻ ቀናት እንደማይባክኑ ነው።

ከዚያ በኋላ በክፍሉ ሁለት ነገር ተለውጧል። ከዳሌ ስብራት ቀዶ ሕክምና በኋላ ሄሞግሎቢን በአንደኛው፣ በሦስተኛውና በአምስተኛው ቀን ይለካል፤ በመካከሉም የመንቀሳቀስ ነጥብ ከወረደ በዚያው ዕለት ይለካል። በፊዚዮቴራፒ ቅጹ ላይም ልምምድ ካልተደረገ ከምክንያቱ ጎን ተኝተውና ተቀምጠው፣ ከተቻለም ቆመው የተለካ ግፊትና የልብ ምት የሚሞላበት ቦታ ተጨምሯል። ተጨማሪ ደም መቅዳት ራሱ ደም ያሳጣል የሚል ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር፤ ትክክል ነው፤ ስለዚህ በትናንሽ ቱቦዎች እንቀዳለን፣ ከዚህ ቀደም በልማድ በየቀኑ ይታዘዙ የነበሩ ሌሎች ምርመራዎችንም ቀንሰናል።

በስድስተኛው ሳምንት ሄሞግሎቢናቸው 11.6፣ በ12ኛው ሳምንት 12.4 ነበር። በዚሁ ጊዜ የተደገመው ኢንዶስኮፒ ቁስለቱ መዳኑን፣ የአንጀት ምርመራውም ሌላ የመድማት ምንጭ አለመኖሩን አሳይቷል፤ በዚህ ዕድሜ የብረት እጥረት ያለበትን ሰው የጨጓራ ቁስለት ተገኘ ብሎ አንጀቱን ሳያዩ መተው ተገቢ አይመስለኝም። ለአጥንት መሳሳት ሕክምና ተጀምሯል። ከወንበር ተነሥቶ ሦስት ሜትር ሄዶ መመለስና መቀመጥ በምርኩዝ 21 ሰከንድ ይፈጅባቸዋል፤ ከስብራቱ በፊት ወደነበሩበት ገና አልደረሱም። ደረጃ ሲወጡ አሁንም አጋማሹ ላይ ያርፋሉ፤ የሚያሳርፋቸው የቀኝ ጭናቸው ጡንቻ ድክመት እንደሆነ፣ ትንፋሻቸውና የልብ ምታቸው ግን እንደማያስቸግራቸው በዚያው ደረጃ ላይ ለክተን አይተናል፤ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት የታዘዘላቸውም የጭን ጡንቻ ማጠንከሪያ ልምምድ ነው።